ዓይኑ ጤነኛ ነው ተባለ፤ ባጃጁን ግን ዘግይቶ ያየዋል

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ንግግሩ ጥሩ ነው፤ ትምህርቱንም እስከ 12ኛ ክፍል ተምሯል። አሁን አጎታችን ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። የጎማ መወላገድ ማንም ሳያስተውል እሱ ከሩቅ ያያል። መንጃ ፈቃድ ማውጣት በጣም ይፈልጋል። ግን ከጎን ባጃጅ ድንገት ሲገባ የሚያየው ዘግይቶ ነው። ከደሴ ስንመለስ ደግሞ ጠመዝማዛው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ዓይኑን ይሸፍናል። ዓይኑን አስመረመርነው፤ ጤነኛ ነው አሉን። አንድ አሰልጣኝ «ልጁ ቀርፋፋ ነው፤ ይቅርበት» አለን። እናቴም ፈርታለች። ምን ይሻለናል?»

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። እኔ ደሴ ውስጥ የእይታ ምርመራ ላይ ነው የምሠራው። «ዓይኑ ጤነኛ ነው» ተብሎ ግራ የገባው ቤተሰብ ብዙ አያለሁ። ስለዚህ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልንገርሽ። ኦቲዝም ስላለበት ብቻ መንዳት አይችልም የሚል ባለሙያ ካለ ተሳስቷል። ወንድምሽ ላይ የምታዪው ነገር የስንፍና አይደለም፤ የዓይን ችግር ላይሆንም ይችላል። እኔ የጊዜ ጉዳይ ይመስለኛል። የሚንቀሳቀስ ነገር ብዙ በሆነበት ቦታ ሁሉንም ሰብስቦ «ይሄ ወደ እኔ እየመጣ ነው» ለማለት ከሌላው ሰው ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልገዋል። ያንን ጊዜ መንገድ ላይ ማግኘት ይቻላል ወይ ነው ጥያቄው።

በመጀመሪያ ግን ምርመራውን እንየው። ብዙ ቦታ የዓይን ምርመራ ማለት 6 ሜትር ርቀት ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ ነው። ፊደሎቹ ሳይንቀሳቀሱ ነው የሚነበቡት። ይህ ምርመራ ጥሩ ነው፤ መነጽር የሚያስፈልገውን ሰው ይለያል። ስለ እንቅስቃሴ ግን ምንም አይነግረንም። ለመንጃ ፈቃድ የጤና ምርመራ ሰሌዳውን እስከ ታች ያነበበ ሰው መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚመጣውን መኪና ፍጥነት በትክክል ይገምታል ማለት አይደለም።

ምክንያቱም እንቅስቃሴን የሚያነብ የራሱ የአንጎል ክፍል አለ። ይህ በደንብ ግልጽ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1983 ሙኒክ ከተማ ውስጥ በተመረመረች አንዲት የ43 ዓመት ሴት ነው። ሴትዮዋ አንጎሏ በሁለቱም በኩል ተጎድቶ ነበር። ፊደል ታነባለች፤ ቀለም ትለያለች፤ ዕቃ ታውቃለች። እንቅስቃሴ ግን ጠፍቶባታል። ሻይ ስትቀዳ የሚወርደው ፈሳሽ እንደ በረዶ የደረቀ ይመስላታል፤ ሲኒው መሙላቱን ስለማታይ ይፈስባታል። መንገድ ስትሻገር መኪናው መጀመሪያ ሩቅ ነው፤ ከዚያ ድንገት አጠገቧ ነው። መካከሉ የለም። የወንድምሽ ነገር እንዲህ ነው እያልኩሽ አይደለም፤ ፈጽሞ አይደለም። ፊደል ማየትና እንቅስቃሴ ማየት የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸውን እንድታውቂ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልረሳ። ከጎን የሚመጣን ነገር ዘግይቶ ማየት አንዳንዴ እውነተኛ የዓይን በሽታ ነው። ግላኮማና አንዳንድ የሬቲና በሽታዎች የጎን እይታን ቀስ በቀስ ይበላሉ፤ ሰውየው ግን ሰሌዳውን አጥርቶ ያነባል። ወንድምሽ የተመረመረው በፊደል ብቻ ከሆነ የጎን እይታው ይለካለት። የዓይን ክፍል ያለው ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ቦሩ ሜዳ፣ ሂዱና በስሙ ጠይቁ፦ «የጎን እይታ ምርመራ» በሉ። ማታ ማታ በጨለማ የሚደናበር ከሆነም ንገሯቸው። ይህን ሳታጣሩ ሁሉንም በኦቲዝም ማሳበብ ትክክል አይደለም።

እሽ፣ የጎን እይታው ደህና ነው እንበል። ስለ ኦቲዝምና ስለ እንቅስቃሴ እይታ ምን ይታወቃል?

ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ዋናው ፈተና ቀላል ነው። ስክሪን ላይ ብዙ ነጠብጣቦች ይንቀሳቀሳሉ። የተወሰኑት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ የቀሩት ዝም ብለው ይተራመሳሉ። ተፈታኙ «ባብዛኛው ወደየት እየሄዱ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አቅጣጫውን ለመለየት አብረው የሚሄዱ ነጠብጣቦች በዛ ማለት እንዳለባቸው አሳዩ። ብዙ ሰው ያኔ «ኦቲዝም ያለበት ሰው እንቅስቃሴ በደንብ አያይም» ብሎ ደመደመ። ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም።

እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ሌላ ጥናት ወጣ። ትርምስ የሌለበት፣ ደምቆ የሚታይ አንድ የሚንቀሳቀስ ምስል ለልጆች አሳዩ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አቅጣጫውን ለመለየት የፈጀባቸው ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነበር። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አልጠበቁትም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ለንደን ውስጥ የነጠብጣቦችን አማካኝ አቅጣጫ በማስላት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በልጠው ተገኙ።

ታዲያ የቱን እንመን? እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሥራ ነው። ያው የነጠብጣብ ፈተና ነው፤ ልዩነቱ ምስሉ የሚታይበትን ጊዜ መለዋወጣቸው ነው። ምስሉ ለአጭር ጊዜ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች በግልጽ ወደ ኋላ ቀሩ። ጊዜው ሲረዝም ግን ልዩነቱ ጠበበ፤ በመጨረሻም ጠፋ። ችሎታው አለ ማለት ነው። ትርምስ ውስጥ ሲሆን ለመሰብሰብ ጊዜ ይፈልጋል።

ይህ ከአንቺ ገለጻ ጋር ይገጥማል። ጋራዥ ውስጥ አንድ ጎማ ብቻውን ይዞራል። ትርምስ የለም፤ ጊዜም አለ። ወንድምሽ እዚያ ከሁሉም ይበልጣል። ኮምቦልቻ መሐል መንገድ ላይ ግን ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ሲኖትራኩ፣ ከታክሲ የሚወርደው ሰው ሁሉም በአንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ውስጥ ያቺን አንዷን ባጃጅ መለየት ከባዱ ሥራ ነው። በእርግጥ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች እርስ በርስ በጣም ይለያያሉ፤ አንዱ ይህ ሁሉ አይነካውም። ስለዚህ የሚወስነው ስያሜው ሳይሆን ልጁ ራሱ መንገድ ላይ የሚያሳየው ነው።

አሁን ጊዜውን ወደ ሜትር እንቀይረው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በግማሽ ሰከንድ ውስጥ 4 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ60 ከሆነ 8 ሜትር አልፎ ይሄዳል። ከዚህ በላይ ደግሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ግማሽ ሰከንድ የሚዘገይ ሰው በ60 ቢነዳ አደጋ ላይ ነው። ያው ሰው በ30 ቢነዳና ከፊቱ ካለው መኪና ሰፊ ርቀት ቢጠብቅ፣ የጎደለችውን ግማሽ ሰከንድ አገኛት። አሰልጣኙ «ቀርፋፋ» ያለው ይህንን ከሆነ፣ መፍትሔው ያለው እዚያው ቃሉ ውስጥ ነው፤ ቀስ ብሎ ይንዳ።

ባጃጅ ለምን ከሌላው ባሰ? ይህ ሁላችንንም ይመለከታል። አእምሯችን የሚመጣን ነገር ፍጥነት የሚገምተው ምስሉ በዓይናችን ላይ እያደገ ሲመጣ በማየት ነው። ትንሽ ነገር በጣም እስኪቀርብ ድረስ ምስሉ ብዙ አያድግም። ስለዚህ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ከሚደርሱበት ጊዜ ዘግይተው የሚደርሱ ይመስሉናል። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው ተሳቢ ከሩቅ ያስፈራል፤ ባጃጇ ግን ታታልላለች።

ወደ ግራ መታጠፍም እንዲሁ ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና ከዓይንሽ ፊት ወደ ጎን አይሄድም፤ ባለበት ሆኖ ያድጋል። ፍጥነቱን ለመገመት ከሁሉም የሚከብደው ይህ አቅጣጫ ነው። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት የወጣት አሽከርካሪዎችን መዝገብ ያጠኑ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ውጤት ይህን ያጠናክራል። እንደ እኛው እዚያም በቀኝ ነው የሚነዳው። ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች በጠቅላላው ከሌሎቹ የበለጠ አልተጋጩም። በፍጥነት ማሽከርከር የተነሳ የሚደርስ አደጋቸው ዝቅተኛ ነበር፤ የትራፊክ ቅጣታቸውም ያነሰ ነበር። የበዛባቸው ሁለት ነገር ነው፦ ቅድሚያ ባለመስጠትና ወደ ግራ ሲታጠፉ ወይም ሲዞሩ የሚደርስ ግጭት። ይህን ለእናትሽ በደንብ ንገሪያቸው። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ መረጃው ግን ከፈሩት ይሻላል።

ሌላም አለ። በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ኦቲዝም ያለባቸውን አሽከርካሪዎች እውነተኛ መንገድ ላይ ከጎን ተቀምጠው ገመገሟቸው። መታጠፊያና የእግረኛ መሻገሪያ ላይ ከሌሎቹ ደከሙ። አደባባይ ላይ ፍሬቻ በማሳየትና መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ ግራ ቀኝ በማየት ግን በለጡ። ሕግ የሚባለውን ይዘውታል ማለት ነው። የእኛ መንገድ ላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ወንድምሽ ፍሬቻ ያሳያል፤ ባጃጁ አያሳይም። ወንድምሽ ዜብራ ላይ ይቆማል፤ ከኋላው ያለው ክላክስ ይነፋበታል። ሌላው ሰው ሕጉን እንደሚያከብር የሚጠብቅ አሽከርካሪ፣ ሕጉ ሲጣስ አንድ አፍታ ይደነግጣል። ስለዚህ ከሕጉ ጎን «ሰዉ የሚያደርገው» የሚባለውንም በግልጽ አስተምሩት። «ሚኒባስ ከቆመ በር ይከፈታል፤ ረዳቱ ይወርዳል፤ ከፊቱም ሰው ይሻገራል» በሉት። እንዲህ ተብሎ ከተነገረው እንደ ሕግ አድርጎ ይይዘዋል፤ ያኔ ጥንካሬው ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2010 እንግሊዝ ኖቲንግሃም ውስጥ በቪዲዮ የተሠራ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች አደጋው ሰው በሚሆንበት ጊዜ፣ ለምሳሌ ሊሻገር ያለ እግረኛ ሲሆን፣ ብዙ እንደሚያመልጣቸው አሳይቷል። አደጋው መኪና ሲሆን ያን ያህል አይደለም። የሰውን ሐሳብ ከፊቱ ማንበብ ከባድ ስለሆነባቸው ይመስላል። ታዲያ ፊት አያንብብ። የእግረኛውን እግርና ትከሻ ይመልከት። እግሩ ወደ አስፋልቱ የዞረ ሰው ሊሻገር ነው።

ከሁሉም የምወደው ምክር ግን ከራሱ ከወንድምሽ ችሎታ የሚነሳ ነው። ጎማ ያያል ብለሽኛል። ዳር የቆመች ባጃጅ ልትገባ ስትል መጀመሪያ የሚዞረው የፊት ጎማዋ ነው፤ አካሏ የሚከተለው በኋላ ነው። ስለዚህ «ባጃጅ ስታይ የፊት ጎማዋን እይ» በይው። ለሌላ ሰው ይህ ምክር ብዙ ላይጠቅም ይችላል፤ ለእሱ ግን ያችን የጎደለች ግማሽ ሰከንድ ሊሰጠው ይችላል።

ልምምዱን መሪ ሳይጨብጥ ጀምሩት። አጎታችሁ ሲነዱ ከፊት ወንበር ይቀመጥና የሚያየውን ጮክ ብሎ ይናገር፦ «ባጃጅ ከቀኝ፤ ጎማዋ ዞሯል። ሴትዮዋ ልትሻገር ነው። በጎች ያለ እረኛ።» አጎታችሁ ከእሱ በፊት ያዩትን ነገር በልባቸው ይያዙት፤ እሱ መቼ እንደሚናገረው ይጠብቁ። ይህ ዘዴ በሌሎች አገሮች የአሽከርካሪ ማሰልጠኛዎችም ይሠራበታል። ሳምንታት ይፈጃል፤ አትቸኩሉ።

ከዚያ ባዶ ሜዳ። ማርሽና ፍሪሲዮን እጅና እግሩ ላይ ያለ ሐሳብ እስኪሄዱለት ድረስ ወደ መንገድ አይውጣ። ማርሹን እያሰበ ባጃጅ የሚያይ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል። አውቶማቲክ መኪና ካገኛችሁ ለመጀመሪያው ይሻላል። ቀጥሎ እሁድ በጠዋት፣ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ፣ ሁልጊዜ አንድ መንገድ። ኮምቦልቻ መኖራችሁ ዕድል ነው፤ ደሴ ቢሆን ሜዳ ፍለጋ ትደክሙ ነበር። ሬዲዮ ይጠፋ፤ ወሬም ይቅር። ወደ ግራ መታጠፍ ከባድ በሆነበት ቦታ ቀጥታ አልፎ በቀኝ በኩል ዞሮ ይምጣ። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ ለብዙ ዓመት የነዱ ሰዎችም ያደርጉታል።

ሐረጎን እንተወው አልልም፤ ግን መጨረሻ ላይ ይምጣ። ያንን መንገድ የማያውቅ ወሎየ የለም። ኩርባው በተዞረ ቁጥር ገደሉና ተራራው በመስኮቱ በኩል በፍጥነት ያልፋሉ። ዓይን የሚያየውና ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ስሜት ሳይስማሙ ሲቀሩ ሰው ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል። ወንድምሽ ዓይኑን የሚሸፍነው ለዚህ ይመስለኛል። ራሱን እየጠበቀ ነው፤ አታስጨንቁት። ከኋላ ከተቀመጠ ወደ ፊት አምጡት፤ በጎን መስኮት ሳይሆን ሩቅ ያለውን መንገድ ይመልከት። ብዙ ጊዜ መሪውን የያዘ ሰው ከተሳፋሪው ያነሰ ነው የሚያዞረው፤ ኩርባው ከመምጣቱ በፊት ሰውነቱ ስለሚያውቅ።

ጉሙ ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከብሪታንያ ካርዲፍ የወጣ ጥናት ምስል ሲደበዝዝ እንቅስቃሴ የዘገየ እንደሚመስል፣ ሰውም ሳያውቀው ፍጥነት እንደሚጨምር አሳይቷል። ይህ ሁላችንንም ይይዘናል። የደሴን ጉም ስናይ የፍጥነት መለኪያውን እንጂ ዓይናችንን ማመን የለብንም። ወንድምሽ የሐረጎን ቁልቁለት በጉም ለመንዳት ገና ብዙ ዓመት አለው። ይህን አስቀድሞ እንደ ሕግ ይያዘው።

አሰልጣኝ ስትፈልጉ ኦቲዝም እንዳለበት በግልጽ ንገሩት። ሲደብቁት ልጁ ነው የሚጎዳው። የሚጮኽ አሰልጣኝ አይሆንም። «ቶሎ በል!» ማለት ምን ማለት ነው? ነዳጅ ልስጥ? ፍሬን ልያዝ? ልታጠፍ? «ከቀጣዩ መታጠፊያ በቀኝ ታጠፍ» ብሎ ቀደም ብሎ፣ አንድ በአንድ የሚናገር ሰው ፈልጉ። እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ ምናልባት ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ይሆናል። ሌላው ተማሪ ከሚወስደው ሰዓት በላይ እንደሚያስፈልገውም ከወዲሁ ተነጋገሩ፤ ወጪውንም አስቡበት።

የጤናውንም ነገር አጣሩ። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ውስጥ ብዙዎቹ የትኩረት ማነስ ችግርም አለባቸው፤ ያ ደግሞ ብቻውን እንኳ መንገድ ላይ የሚደርስን አደጋ ይጨምራል፤ ሕክምናም አለው። የሚጥል በሽታም ከሌላው ሰው በላይ ይታይባቸዋል። ከዚህ በፊት ራሱን ስቶ ያውቃል? ለደቂቃ ፈዞ ይቀራል? ከሆነ ሐኪም ሳያየው መሪ አይጨብጥ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ለቁጣና ለመረበሽ የሚሰጥ እንደ ሪስፐሪዶን ያለ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም እንቅልፍ ያመጣ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

መቼ ለፈተና ይቅረብ? እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ነው። አሰልጣኙ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ወንድምሽ በገበያ ሰዓት መሐል ከተማ ውስጥ ይንዳ። አሰልጣኙ «ባጃጅ!» ብሎ ማስጠንቀቅ ካስፈለገው ገና ነው። ጥቂት ወራት ይጨምሩና ይሞክሩት። ብዙ ወር ከተለማመደም በኋላ እንደዚያው ከሆነ ፈተናው ይቆይ፤ እስከዚያ ሰዉ በሌለበት ግቢ ውስጥ መኪና እያወጣ እያስገባ አጎታችሁን ያግዝ። አንድም ቃል ሳይነገረው ከሄደ ግን አስመዝግቡት፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት በቀን፣ ከተማ ውስጥ፣ ከአጎታችሁ ጋር ይንዳ።